ከጥርጣሬ ወደ እምነት፤ የሼህ ዘካርያስ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ዓመት በአንድ ጉባኤያችን ላይ አንድ ወንድማችን ስለ እምነቱ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። እኛ ግን ጥያቄውን እንደ ክህደት ቈጥረን ዝም አሰኘነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የእርሱ ባዶ ቦታ ነው። መጠራጠር የእምነት መጨረሻ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ለብዙዎች የመንገዱ መጀመሪያ እንደሆነ የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ያስተምረናል። እርሳቸውም ሼህ ዘካርያስ ናቸው።

ሼህ ዘካርያስ በ1837 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድር ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ። ቁርኣንን ጠንቅቀው ተምረው ሼህ ለመባል በቁ። በሰቆጣም ሰው የሚያከብራቸው መምህር ሆኑ። የተሾመ ሁሉ ከሹመቱ እንዲወርድ እንደማይወድ እናውቃለን። ስለዚህ ኋላ ያገኛቸው ነገር ቀላል አልነበረም።

የነበሩበትን ዘመን እናስታውስ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። እምቢ ብሎ የተሰደደ አለ፤ ተጠምቆም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ አለ። በትእዛዝ የመጣ ጥምቀት ልብን አልለወጠም። ደግሞም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከእኛ ከአብደራፊ በስተ ደቡብ ባለችው በመተማ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ አጼ ዮሐንስም ቆስለው ሞቱ። ያም ዘመን ከብት ያለቀበት፣ ሰውም በረሃብ የረገፈበት ክፉ ቀን ነበር። እንግዲህ ሰይፍ ከሁለቱም ወገን ተሞክሮ ነበር። ሰይፍ ግን ለእግዚአብሔር አንድም ሰው አላስገኘም።

ክፉ ቀን ሊያልፍ ሲል፣ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፣ ሼህ ዘካርያስ ራእይ ማየት ጀመሩ። ራእዩም የኖሩበትን ትምህርት እንደገና እንዲመረምሩ አስገደዳቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ሌሊት ተነሥተው ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። ያንኑ የሚያውቁትን ቁርኣን መልሰው መላልሰው መረመሩ። ቁርኣን ኢየሱስን መሲሕ ብሎ እንደሚጠራው፣ ከድንግል ማርያም መወለዱን እንደሚመሰክር፣ እናቱንም በክብር እንደሚያነሣት ተመለከቱ። እንግዲህ ይህ እንዲህ የከበረው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ያዛቸው።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው ማስተማር ጀመሩ። በመጀመሪያ የሰበኩት የገዛ ወገኖቻቸውን ለማረም ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ትምህርታቸው ወደ ክርስቶስ አመራ። ከሙስሊም መምህራን ጋር ሲከራከሩም ማስረጃቸው ሰይፍ ወይም የመኳንንት ትእዛዝ ሳይሆን ያው ሁሉም የሚቀበለው መጽሐፍ ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ከሰሷቸው። ክርክሩ ታይቶ ግን ሊያስቆሟቸው አልቻሉም፤ አጼ ምኒልክም እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። በዚህም ብዙ ሺህ ሰዎች፣ ከነዚህም መካከል ራሳቸው ሼሆች የሆኑ፣ ተከተሏቸው።

በ1902 ዓ.ም. ገደማ ሼህ ዘካርያስ በደብረ ታቦር ተጠመቁ። ስማቸውም ንዋየ ክርስቶስ ተባለ፤ የክርስቶስ ገንዘብ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ራእይ እስከ ጥምቀቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ነው! ከመካከላችን ብዙዎች በዚህ ልክ ዕድሜ እንኳ የላቸውም። ወደ ጥምቀት የገቡት የስድሳ አምስት ዓመት ያህል ሽማግሌ ሆነው ነው። ተከታዮቻቸው አዲስ ክርስቲያን ይባሉ ነበር። ሼሁ ዐሥር ዓመት ያህል በክርስትና ኖረው በ1912 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ግን እንቅስቃሴው እንደ ቀድሞው አልበረታም። አዲስ የመጣ ሰው በርትቶ የሚያቆየው ወንድም ያስፈልገዋልና ይህም ለእኛ ትምህርት ነው።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እንማር? አንደኛ፣ ጥያቄን ከመፍራት ይልቅ በትዕግሥት መመርመር ይገባናል። ሁለተኛ፣ ያገኘነውን እውነት ለሌላው ስናካፍል ሰውየው ከሚያውቀው እንጀምር እንጂ የሚያከብረውን አናዋርድ። በአብደራፊ ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከየአገሩ ሳሉግ ይመጣል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ማሳ ያጭዳል፣ ከአንድ ጀሪካን ውኃ ይጠጣል። በዚያ ፀሐይ ሥር ስለ እምነት የሚነሣ ወሬ በጭቅጭቅ የሚያልቅ ከሆነ፣ የሼህ ዘካርያስን ዐሥራ ስምንት ዓመት አላሰብነውም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ እምነት በግድ አይሰጥም። ቦሩ ሜዳ በዐዋጅ ያላገኘችውን ልብ አንድ ሼህ በትዕግሥትና በምርመራ አገኙት።

ያን ዝም ያሰኘነውን ወንድማችንን ሄደን ይቅርታ ልንጠይቀው ተስማምተናል። መልሱን ሁሉ ስለማናውቅ ጥያቄውን ይዘን ወደ መምህራኖቻችን አብረን እንሄዳለን። እናንተም በየምድባችሁ ከጉባኤ የቀረ ካለ፣ ለምን ቀረ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሄዳችሁ አድምጡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።