ሮበርት ቤክዌል፦ ሥጋ ሲፈልጉ ወተት ያመለጣቸው አርቢ

በእርሻ ኮሌጅ የእንስሳት እርባታ የተማረ ሰው ሁሉ የሮበርት ቤክዌልን ስም መስማቱ አይቀርም። ደብተራችን ላይ የሰፈረው ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የዝርያ ማሻሻል አባት ተብለው ይጠቀሱና ትምህርቱ ወደ ሌላ ርዕስ ያልፋል። የሰውየው ሕይወት ከዚያ የሰፋ ነው። ዝናንም ክስረትንም ያዩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከከብትና ከበግ ጋር ያሳለፉ አርቢ ነበሩ። ስለዚህ በዚህ የዩኒየናችን የምስረታ በዓል መጽሔት ላይ ታሪካቸውን ለአባሎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤክዌል በ1725 በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በሌስተርሻየር አውራጃ፣ ሎፍቦሮ ከተማ አጠገብ ባለችው ዲሽሊ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ባለርስት አልነበረም፤ 440 ኤከር፣ በእኛ ልክ 178 ሄክታር ያህል መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ነበር። በወጣትነታቸው በአገራቸውና ከባሕር ማዶ እየተዘዋወሩ የሌሎችን አሠራር ተመለከቱ። ትዳር አልያዙም፤ ቤታቸውን ያስተዳድሩላቸው የነበሩት እህታቸው ሐና ናቸው። በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ገደማ የእርሻው ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ገባ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የነበረው የከብት አያያዝ ለእኛ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ወንዱም ሴቱም በአንድነት በወል ግጦሽ ላይ ይውላል፤ የትኛው ኮርማ የትኛዋን ላም እንዳጠቃ የሚያውቅ የለም። ጥሩው ወይፈን ይሸጣል ወይም ይኮላሻል፤ የተረፈው ደግሞ የዘር አባት ይሆናል። ቤክዌል መጀመሪያ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ወንዱን ከሴቱ ለዩት። ከዚያ በኋላ የትኛዋ ላም ከየትኛው ኮርማ ጋር እንደምትገናኝ የሚወስኑት ራሳቸው ሆኑ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ይህ እርምጃ ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው እርምጃ ምን እንደሚፈልጉ መወሰን ነበር። የአካባቢው ሎንግሆርን የተባለው ባለ ረጅም ቀንድ ከብት ሞፈር ይጎትታል፣ ወተት ይሰጣል፣ ሲያረጅ ደግሞ ይታረዳል። በእንግሊዝ ግን ከተሞች እየሰፉ፣ ፋብሪካዎችም እየተከፈቱ የሥጋ ገበያው በየዓመቱ ያድግ ነበር። ቤክዌል ዓይናቸውን በሥጋ ላይ ጣሉ። የፈለጉት አጥንቱ ያነሰ፣ ውድ ዋጋ በሚያወጣው የሰውነት ክፍሉ ላይ ሥጋው የበዛ፣ በአነስተኛ መኖ ቶሎ የሚሰባ ከብት ነው። ኮቨንትሪ አጠገብ ካለችው ካንሊ ጊደሮች፣ ከሰሜኑ ዌስትሞርላንድ ደግሞ ኮርማ ገዙ። ከነዚህ የተገኘውና ቱፔኒ የተባለው ኮርማ የዲሽሊ ከብቶች ዋና አባት ሆነ። ያን ኮርማ ከገዛ ልጆቹ ጋር ሳይቀር እያገናኙ የፈለጉት ጠባይ በዘሩ ውስጥ እንዲጸና አደረጉ።

እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ ግድ ይለኛል። የቅርብ ዘመድ ማዳቀል ጥሩውን ጠባይ እንደሚያጸና ሁሉ የተደበቀውን ጉድለትም ያወጣል። ቤክዌል ደካማውን ጥጃ ያለ ርኅራኄ ከመንጋው ያስወግዱ ነበር። በየመንደራችን አንድ ኮርማ ለብዙ ዓመት ቆይቶ ማንም ሳያስበው ልጆቹን ሲያጠቃ የሚሆነው ከዚህ የተለየ ነው፤ ምርጫ የለበትም፣ የሚወገድም የለም። ስለዚህ የኮርማ ልውውጥን ወይም የማዳቀያ ኮርማ ቁጥር መዝግቦ መያዝን የሚተካ ነገር የለም።

በጎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ተሳካላቸው። አዲሱ ሌስተር የተባለው በጋቸው ሌላው ከሚደርስበት ጊዜ ቀድሞ ለሥጋ ይደርስ ነበር። አውራ በጎቻቸውን ግን አይሸጡም፤ ለአንድ የማዳቀያ ወቅት ያከራያሉ። ይህ ዘዴ ከገቢው ሌላ ትልቅ ጥቅም ነበረው። በጉ በሌላ ሰው መንጋ ውስጥ የወለዳቸውን ግልገሎች አይተው የትኛው አውራ ጥሩ ዘር እንደሚሰጥ ያውቃሉ፤ የላቀውን መልሰው ለራሳቸው ያስቀራሉ። ዛሬ በየማዳቀያ ማዕከሉ ኮርማን በልጆቹ መመዘን የምንለው ሥራ መነሻው ይኸው ነው። በ1760 ገደማ የአንድ አውራ በግ ኪራይ ከአንድ ፓውንድ በታች ነበር። በ1789 ሦስት አውራ በጎች ብቻ 1,200 ጊኒ፣ ማለትም ከ1,200 ፓውንድ በላይ የወርቅ ገንዘብ አስገኙላቸው።

እርሻው የሚጎበኝ ነበር። ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሣር ሜዳቸውን ያጠጡ ነበርና በዓመት ደጋግመው ያጭዱ ነበር። ተርኒፕ የተባለውን የመኖ ሥር በቦዩ ላይ ወደ በረቱ ያንሳፍፉት ነበር፤ ሲደርስ ታጥቦ ጭምር ይገኛል። በቤታቸው ውስጥ የታወቁ ከብቶቻቸውን አጽምና በጨው ውኃ የተቀመጠ ሥጋ ደርድረው የአጥንቱን ቅጥነትና የስቡን ውፍረት ከትውልድ ትውልድ ያነጻጽሩ ነበር። ከብት መደብደብን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ግዙፎቹን ኮርማዎች አንድ ልጅ በቀጭን አርጩሜ ይነዳቸው ነበር። ከሩቅ አገር ሳይቀር የመጡ መሳፍንትና ገበሬዎች በማዕዳቸው ተስተናግደዋል።

ይሁን እንጂ እንግዳ መቀበሉም ሙከራውም ገንዘብ ይፈጃል። በ1776 ቤክዌል ከሰሩ። በእንግሊዝ ሁሉ ስማቸው የተጠራ አርቢ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። በረት ውስጥ ያለ ጥበብና ሣጥን ውስጥ ያለ ሒሳብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ወዳጆቻቸው ደግፈዋቸው እርሻቸውን ቀጠሉ፤ ከፍ ያለው የኪራይ ገቢ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

በ1783 የዲሽሊ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበር መባሉ የእኛን ሰው ደስ ሊያሰኘው ይችላል፤ ዓላማው ግን ከእኛ ይለያል። አባላቱ ጥቂት ሀብታም አርቢዎች ነበሩ፤ የአውራ በግ ኪራይ ዋጋ እንዳይወርድና ዘሩ ከእጃቸው እንዳይወጣ በጥብቅ ደንብ ይተሳሰሩ ነበር። ትንሹ አርቢ በሩ ላይ ቆሞ ነው የቀረው። ቤክዌልም ምስጢር ጠባቂ ነበሩ። ለዕርድ የሚሸጧቸው በጎች ለሌላ ሰው ዘር እንዳይሆኑ ሆን ብለው በረግረግ ላይ አሰማርተው የጉበት ትል ያስይዟቸው እንደነበር ይነገርባቸዋል። ስለ አሠራራቸው መጽሐፍ አልጻፉም። ለወዳጃቸው ለጆርጅ ከሊ የላኳቸው ደብዳቤዎች ባይተርፉ ኖሮ ከራሳቸው ብዕር የምናገኘው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ከሁሉም የሚያስቆጨው የከብቶቹ ነገር ነው። የዲሽሊ ሎንግሆርን በእርግጥም ቶሎ የሚሰባ፣ ጀርባው የተሞላ ከብት ሆነ። ስቡ ሲጨምር ግን ወተቱ ቀነሰ፤ የመውለድ አቅሙም ደከመ። ቤክዌል ለስብ እንጂ ለወተት አልመረጡም፤ ያልተመረጠ ጠባይ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ጥቂት ወተት የምትሰጥና በየዓመቱ የማትወልድ ላም የያዘ ገበሬ ሥጋዋ ቢያምርም አይጠቀምም። የዲሽሊን ዘዴ የተከተሉት ቻርልስና ሮበርት ኮሊንግ የተባሉ ወንድማማቾች በሰሜን እንግሊዝ በአጭር ቀንዱ ሾርትሆርን ላይ ተጠቀሙበት፤ ሥጋና ወተት አብሮ የሚሰጥ ከብትም ወጣላቸው። በ1810 ኮሜት የተባለው ኮርማቸው በ1,000 ጊኒ ተሸጠ። በ1822 የሾርትሆርን የዘር መዝገብ ታትሞ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሎንግሆርን ግን ከየበረቱ እየወጣ ሄደ። የቤክዌልን ዘዴ ዓለም ወሰደው፤ ከብታቸውን ግን ተወው።

በዚህ ነጥብ ላይ አገራችንን ማሰብ አይከፋም። ከጣና ዙሪያ ያለው የፎገራ ከብት ውኃ በተኛበት ሜዳ ላይ እየዋለ ወተት የሚሰጥ ነው። ከሌላ ከብት ጋር እየተደባለቀ፣ የግጦሽ መሬቱም ለሩዝ እየዋለ ንጹሕ ዘሩ ተመናምኗል። የውጭ ዘር ወተት ይጨምራል፤ ይህን ለአባሎቻችን ስናስተምር ኖረናል፣ እውነትም ነው። ነገር ግን የሐበሻዋን ላም ደረቅ ገለባ በልታ መኖሯን፣ መዥገር መቋቋሟን፣ በሬ መውለዷን በሒሳባችን ውስጥ ካላስገባን በሊትር ብቻ እየመረጥን ነው። ወረዳዎቻችን የማዳቀል ዕቅድ ሲያወጡ የተዳቀሉትን ላሞች ብዛት ብቻ ሳይሆን የተወለደው ጥጃ ለስንት ዓመት እንደቆየና እናቱ መቼ መልሳ እንዳረገዘች ቢጠይቁ መልካም ነው።

ቤክዌል በጥቅምት ወር 1795 በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ሎንግሆርን በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ የአገሩ ብርቅዬ ዝርያዎች ጥበቃ ድርጅት ተንከባክቦት ቁጥሩ አገግሟል፤ ዛሬ በጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራዎች ሣር እንዲግጥ ይሰማራል። የዲሽሊ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ ፈርሶ ግድግዳዋ ቆሟል፤ የአርቢው መቃብርም በዚያው ይገኛል።