ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ ራዲዮ ባልነበረበት ሰማይ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ በክረምት ወራት ጉም ያጋጥመዋል። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ገደሉን እየተከተለ ሲወጣ መንገዱም ገደሉም አንድ ነጭ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የመኪና ነጂው መድኃኒት ጡሩንባ ነው፤ በየመጠምዘዣው እየነፋ መኖሩን ከወዲያ ለሚመጣው ያስታውቃል፤ የወዲያኛውም መልሶ ይነፋለታል፤ ሁለቱም በሰላም ይተላለፋሉ። መንገዱን የሠሩት በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እኛ ዛሬ የምንተርከው ግን መንገዱ ከመቀደዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መልሶ ጡሩንባ የሚነፋለት አንድ ሰው እንኳ በሌለበት በሰሜን ሰማይ ላይ ስለበረሩት ስለ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነው።

ሮቢንሰን የተወለዱት በአሜሪካ በፍሎሪዳ ሲሆን ያደጉት በሚሲሲፒ በገልፍፖርት ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ በባሕሩ ዳር አንድ አይሮፕላን ሲያርፍ አይተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው ከሰማይ እንዳልወረደ ይነገራል። በታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። በዚያም ከርቲስ ራይት የተባለውን የበረራ ትምህርት ቤት ደጅ ቢጠኑ ቆዳቸው ጥቁር ስለ ሆነ አልተቀበላቸውም። እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ በዚያው ትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩና መጥረጊያቸውን ይዘው ከክፍሉ ጥግ ትምህርቱን ያዳምጡ ጀመር። በመጨረሻ ተማሪ፣ ቆይተውም በዚያው ቤት አስተማሪ ሆኑ። ከወዳጃቸው ከኮርኔልየስ ኮፊ ጋር በመሆን የጥቁሮችን የበራሪዎች ማኅበር አቋቁመው ሮቢንስ በምትባል መንደር የራሳቸውን አይሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፤ ግን ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን አፈረሰባቸው። የአየር ጠባይ ጠላት መሆኑን ያወቁት እንግዲህ ከጦር ሜዳ በፊት ነው።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት ሐኪም መላኩ በያን ሮቢንሰንን አግኝተው ለአገራቸው እንዲበሩ ጠየቁ። ሮቢንሰንም በግንቦት 1927 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ከርሳቸው በፊት የመጣው ሌላው ጥቁር በራሪ ሂዩበርት ጁልየን በ1923 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱን አይሮፕላን ሰብሮ የተባረረ ሰው ነበር። በ1927 ዓ.ም ተመልሶ መጥቶ ሳለ ሁለቱ በአዲስ አበባ ቡጢ ተማዘዙ። በዚህ ጠብ ብዙ አንዘገይም፤ ሮቢንሰን ቁጡ እንደ ነበሩ ግን አንሰውርም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም የአየር ኃይሉን አዛዥነት ለሮቢንሰን ሰጡ።

አየር ኃይል ይባል እንጂ አይሮፕላኖቹ ከሁለት ደርዘን አይበልጡም ነበር፤ ሊነሡ የሚችሉት ከዚያም ያንሳሉ፤ አብዛኞቹ አሮጌ፣ መሣሪያም ያልተጠመደባቸው ናቸው። በመቶ ከሚቆጠሩት የኢጣልያ አይሮፕላኖች ጋር ሊዋጉ አይታሰብም። ስለዚህ የሮቢንሰን ሥራ መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንት በአዲስ አበባና በጦሩ ግንባር መካከል ማመላለስ ሆነ። ስልክና ቴሌግራፍ ባልደረሰበት ወይም ሽቦው በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ የመንግሥቱ ቃል የሚሄደው በእርሳቸው ክንፍ ነበር። ነገሩን ስናስበው የሚያስገርመን እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ቃል ይህን ያህል የተሸከመው ሰው ከምድር ከተነሣ በኋላ ለራሱ አንድ ቃል የሚነግረው አልነበረም።

ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በቀጥታ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደ ፖቴዝ ያለው የዚያ ዘመን አይሮፕላን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል እንበል። ከምሥራቅ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነፍስ ነፋስ፣ በራሪው በደመና ውስጥ ሆኖ ምድሩን ካላየ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ይገፋዋል። ካርታ የያዘ ሰው ይለካው፤ በዚያ ቦታ የሚጠብቀው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የራስ ደጀን ተራራ ነው። ነፋሱ መነሣቱን በሬዲዮ የሚነግረው ጣቢያ በምድር የለም። የከፍታ መለኪያውም ቢሆን የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ፣ በተነሡበት ቦታ ተስተካክሎ ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ቦታ ሲደርሱ ከእውነቱ የበለጠ ከፍታ ያሳያል። ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ይሆናል፤ ግን በጉም ውስጥ ጥቂት ሜትር ብዙ ነው። በዚህ ላይ የደጋው አየር ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ ይደክማል፤ ለመነሣትም ለማረፍም ረዥም ሜዳ ይፈልጋል። ሮቢንሰን እንዲህ ባለ ሰማይ ላይ በዐይናቸው፣ በሰዓታቸውና በወንዞቹ ምልክት ብቻ ይሄዱ ነበር። ጠላት ሲያሳድዳቸው ደግሞ ያው የሚያስፈራው ደመና መሸሸጊያ ይሆናቸዋል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣልያ ቦምብ በዓድዋ ላይ ሲወርድ ሮቢንሰን በከተማይቱ ውስጥ ነበሩ። ጥቃቱንም በዐይናቸው አይተው ለንጉሠ ነገሥቱ ወሬውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ብዙ ጊዜ ተተኩሶባቸዋል።

ዛሬ ከጎንደር ወደ አክሱም ቢበሩ ቀጥታው መስመር በደባርቅና በሊማሊሞ አጠገብ ያልፋል። የዛሬው አብራሪ ግን የአየሩን ግፊትና ነፋስ በሬዲዮ ይሰማል፤ የሰማውንም መልሶ ይደግማል፤ ምክንያቱም ቃል መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ዓለም በብዙ ደም ተምሯል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ አይሮፕላኖች በጉም በተሸፈነ ማረፊያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ራዲዮ ነበራቸው። ነገር ግን የሆላንዱ አይሮፕላን አዛዥ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ያገኘ መስሎት ተነሣ፤ ሊያድናቸው ይችል የነበረው ንግግር ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ በመናገሩ በፉጨት ተዋጠ፤ በዚያው ክፍል ውስጥ የነበረው መሐንዲስ ቢጠራጠርም አዛዡ አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲህ የመነሻ ቃል ከፈቃዱ ጋር ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደነገገ፤ ረዳትም አለቃውን ደፍሮ እንዲያስጠነቅቅ ይሠለጥናል።

ወደ ሮቢንሰን እንመለስ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ልትወድቅ በተቃረበች ጊዜ ከአገር ወጥተው በግንቦት 1928 ዓ.ም ኒው ዮርክ ሲደርሱ የአሜሪካ ጥቁሮች እንደ ጀግና ተቀበሏቸው። በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም መካኒኮችን አስተማሩ። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም ጥቂት የሙያ ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ተመልሰው መጡና በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረራና የሞተር ሥራ ያስተምሩ ጀመር።

በእኛ ግምት የሮቢንሰን ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የጦርነቱ ወራት ከአንድ ዓመት አልሞሉም፤ የማስተማሩ ዘመን ግን ዓመታት ፈጀ። ለብቻው የበረረ ሰው ያወቀው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይቀበራል፤ ሮቢንሰን ግን ያወቁትን ለሌላ ሰጡ። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመሠረትና መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው አይሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲነሣ በአገሪቱ የበረራ ተማሪዎች ነበሩ። ከስዊድናዊው ከካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ጋር ግን ሳይስማሙ ቀሩ፤ ያ የቀድሞው ቁጣ እንደገና ተነሥቶ ጠቡ ወደ እጅ ደረሰ፤ ሮቢንሰንም ከአየር ኃይሉ ወጡ። አገሪቱን ግን አልለቀቁም።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም ከአንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ጋር በትንሽ አይሮፕላን ሲበሩ በአዲስ አበባ ወደቁ። መሐንዲሱም ሮቢንሰንም በዚሁ አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሮቢንሰን ያረፉት መጋቢት 18 ቀን ነው። የተቀበሩት በዚሁ በአዲስ አበባ በጉለሌ መካነ መቃብር ነው።