ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል፦ የአንጎልን ልጓም በሥዕል ያስቀሩ ሐኪም

እ.ጎ.አ. በ1888 በባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ስፔናዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል፣ የአንጎልን አሠራር ለመረዳት ፊታቸውን ወደ ጽንስና ወደ ለጋ እንስሳት አዞሩ። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ይፋ ያደረጉት በብር የማቅለም ዘዴ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳትን ብቻ ከነቅርንጫፎቻቸው ያጠቁራል። ያደጉ የነርቭ ክሮች ግን በስባማ ሽፋን ስለሚጠቀለሉ ቀለሙ በቀላሉ አይዘልቃቸውም። በለጋው አንጎል ሽፋኑ ገና አልተሠራም፤ ሕዋሳቱም እንደ ጥቅጥቅ ደን አልተጠላለፉም።

ካኻል በ1852 በሰሜን ስፔን ሲወለዱ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ምኞታቸው ሠዓሊ መሆን ነበር። ሐኪም የነበሩት አባታቸው ሥዕልን ከሥራ አይቆጥሩትም፤ አስቸጋሪ ልጃቸውን ለፀጉር ቆራጭ፣ ኋላም ለጫማ ሰፊ በተለማማጅነት ሰጡ። ሁለቱን ያስማማቸው የሰው አጥንት ነው። አባት ከመካነ መቃብር ባገኙት አጥንት የሰውነትን አሠራር ሲያስተምሩ፣ ልጅ አጥንቱን እየሳሉ ወደ ሕክምናው ተሳቡ። ኋላም በጦር ሐኪምነት ኩባ ዘምተው፣ በወባ ተጎድተው ተመለሱ።

በባርሴሎና ያ የሥዕል እጅ ዋጋ አወጣ። ጎልጂን ጨምሮ ብዙ ሊቃውንት የነርቭ ሥርዓት የተያያዘ አንድ መረብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ካኻል ግን በወፎች ትንሹ አንጎል ውስጥ፣ ፑርኪንዬ የተባለውን ትልቅ ሕዋስ እንደ ቅርጫት የሚያቅፉ የሌላ ሕዋስ ክሮች አዩ። ክሮቹ ሕዋሱን ከበቡት እንጂ አልተዋሐዱትም። ግኝታቸውን በገዛ ገንዘባቸው ባሳተሙት መጽሔት አወጡ፤ ሰሚ ሲያጡም በ1889 ናሙናዎቻቸውን ይዘው በርሊን ድረስ ሄዱ። በዚያም ዝነኛው አልበርት ፎን ኮሊከር በማይክሮስኮፕ ተመልክተው አመኑላቸው። በ1906 ካኻልና ጎልጂ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ፤ ጎልጂ ግን ሽልማቱን በተቀበሉበት ንግግር ሳይቀር የመረቡን ሐሳብ ተሟገቱለት።

ካኻል በ1934 ማድሪድ ውስጥ ሲያርፉ፣ የዚያ ቅርጫት ተግባር ገና አልታወቀም ነበር። በ1960ዎቹ ጆን ኤክልስና ባልደረቦቻቸው ሥራው መግታት መሆኑን አሳዩ፤ ቅርጫቱ የሚያርፍበት ሕዋስ መልእክት እንዳይልክ ይይዘዋል። ሁሉም ሕዋስ ያለ ገደብ ቢቀሰቀስ ውጤቱ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መናወጥ ነው።

ይህ ልጓም አብሮ አይወለድም። ጋባ የተባለው ገቺ ኬሚካል በብዙ ለጋ ሕዋሳት ላይ መጀመሪያ ቀስቃሽ እንደሆነ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ክሎራይድ በብዛት ስለሚገኝ ነው። ሕዋሱ ሲጎለምስ ክሎራይዱን ወደ ውጭ የሚገፋው ፕሮቲን ይበረታል፤ ያው ኬሚካል ያን ጊዜ መግታት ይጀምራል።