ሃሪ ፈርጉሰን

ሄንሪ ጆርጅ «ሃሪ» ፈርጉሰን (ኖቬምበር 4 ቀን 1884 – ኦክቶበር 25 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) የአይርላንድ ተወላጅ መካኒክ፣ ፈልሳፊና ነጋዴ ነበረ። በይበልጥ የሚታወቀው ማረሻንና ሌሎች የእርሻ መሣሪያዎችን ከትራክተር ጀርባ በሦስት ቦታ የሚያያይዝ፣ በሃይድሮሊክ ኃይል የሚነሳና የሚወርድ ማያያዣ በመሥራቱ ነው። በኢትዮጵያም የሚታወቀው የ«ማሲ ፈርጉሰን» ትራክተር የስሙን ግማሽ ያገኘው ከእርሱ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ፈርጉሰን የተወለደው በሰሜን አይርላንድ፣ በዳውን አውራጃ፣ ድሮሞር ከተባለች ከተማ አጠገብ ባለች ግሮዌል በምትባል መንደር ነው። ቤተሰቡ ገበሬ ሲሆን እርሱ ከአሥራ አንድ ልጆች አራተኛው ነበረ። የእርሻ ሥራ አልተስማማውም። በ1902 ከቤት ወጥቶ በቤልፋስት ከተማ የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ከነበረው ከወንድሙ ከጆ ጋር መሥራት ጀመረ። በዚያም ሞተር ማስተካከል ተማረ፤ በሞተር ብስክሌትና በመኪና እሽቅድምድምም ስሙ መታወቅ ጀመረ።

ቀጥሎ ልቡን የሳበው አውሮፕላን ነበር። የራሱን ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን ሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1909 በሂልስቦሮ 120 ሜትር ያህል በረረ። በአይርላንድ ምድር በሞተር አውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ1911 የራሱን የመኪና መሸጫና መጠገኛ በቤልፋስት ከፈተ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከአሜሪካ የሚመጣ «ኦቨርታይም» የተባለ ትራክተር ይሸጥ ነበር።

የመጎተት ችግር

በ1917 የአይርላንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በጦርነቱ ምክንያት የእህል ምርት እንዲጨምር ስለፈለገ፣ ገበሬዎች ትራክተራቸውን በደንብ እንዲጠቀሙ የማሳየቱን ሥራ ለፈርጉሰን ሰጠው። እርሱና ባልደረባው ዊሊ ሳንድስ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ አሠራሩን ተመለከቱ። (ሳንድስ ብዙ ጊዜ ስሙ ይረሳል፤ ይሁን እንጂ ፈርጉሰን ያሰበውን በብረት የሠራው በአብዛኛው እርሱ ነው።)

ያዩት ነገር የሚከተለው ነበር። በዚያን ዘመን ማረሻ ከትራክተር ጋር የሚታሰረው ልክ ጋሪ ከፈረስ ጋር እንደሚታሰረው ነው፤ ፈረሱ በትራክተር ተተካ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። በዚህም ሁለት ጉዳት መጣ። አንደኛ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንዲቆነጥጡ ትራክተሩ ራሱ በጣም ከባድ መሆን ነበረበት፤ ከባድ ትራክተር ደግሞ ውድ ነው፤ አፈሩንም ይጠቀጥቃል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲጋጭ ይከሰታል። ማረሻው ከቆመ ጎማዎቹ መዞር ስለማይችሉ የሞተሩ ጉልበት የትራክተሩን አካል በኋላ አክሱ ዙሪያ ያሽከረክረዋል። የፊቱ ክፍል ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ከሥሩ ያደርገዋል። ከ1917 ጀምሮ በብዛት በተሸጠው የሄንሪ ፎርድ ቀላል ትራክተር በ«ፎርድሰን» ላይ ብዙ ሰዎች የሞቱት በዚህ ዓይነት አደጋ ነው።

ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ

የፈርጉሰን ሐሳብ ማረሻው የሚጎተት ሳይሆን የትራክተሩ አካል መሆን አለበት የሚል ነው። ከበርካታ ዓመታት ሙከራ በኋላ የደረሰበት አሠራር ከታች ሁለት ክንዶች፣ ከላይ ደግሞ አንድ ዘንግ አለው። ሦስቱ ከጎን ሲታዩ ወደ ፊት እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። የታችኞቹ ክንዶች መሣሪያውን ይጎትታሉ። አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላ ሲይዘው የማረሻው የላይኛው ክፍል ወደ ፊት ሊደፋ ስለሚፈልግ የላይኛውን ዘንግ ወደ ትራክተሩ ይገፋዋል። ይህ ግፊት የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት ይጫነዋል። ቀድሞ ነጂውን ይገለብጥ የነበረው ኃይል አሁን ትራክተሩን መሬት ላይ የሚያጸና ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ክፍል ሃይድሮሊኩ ነው። የላይኛው ዘንግ የሚያርፈው በስፕሪንግ ላይ ሲሆን ስፕሪንጉ ከዘይት ቫልቭ ጋር ይገናኛል። አፈሩ ሲጠነክር ግፊቱ ይጨምራል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ማረሻው ጥቂት ከፍ ይላል፤ አፈሩ ሲላላ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ማረሻው በተነሳ ቁጥር ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚዛወር ጎማዎቹ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት የመቆንጠጥ ኃይል ያገኛሉ። ኮምፒውተር የሚያጠና ሰው ይህን ሲያነብ የግብረ መልስ ዑደትን ወዲያው ያስታውሳል፤ እዚህ ግን ያለ አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ በስፕሪንግና በዘይት ብቻ ተሠርቷል። ፈርጉሰን የዚህን የሃይድሮሊክ ቁጥጥር ፓተንት በ1926 አገኘ።

ማሰርና መፍታቱም ቀለለ። ነጂው ወደ ኋላ ይጠጋል፣ መጀመሪያ የግራውን ክንድ፣ ቀጥሎ የቀኙን፣ በመጨረሻም የላይኛውን ዘንግ በፒን ይቆልፋል። ቀኙ ሁለተኛ የሆነው ከፍታው በእጅ በሚዞር መያዣ ስለሚስተካከል ነው። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አንድ ሰው ያለ ረዳት በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ከብራውን እስከ ፎርድ

በ1933 «ጥቁሩ ትራክተር» የተባለውን ናሙና ሠራ። በ1936 ደግሞ ከእንግሊዛዊው የጥርስ ማርሽ አምራች ከዴቪድ ብራውን ጋር «ፈርጉሰን-ብራውን» ትራክተርን ለገበያ አቀረቡ። የተሸጠው ወደ 1,350 ብቻ ነው። መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም ገዢው የቆየ ማረሻውን ሊጠቀምበት ስለማይችል ከትራክተሩ ጋር አዳዲስ መሣሪያዎችን መግዛት ነበረበት። ብራውን ትልቅ ትራክተር መሥራት ፈለገ፤ ፈርጉሰን እምቢ አለና ተለያዩ።

በኦክቶበር 1938 ፈርጉሰን አንድ ትራክተር በመርከብ አስጭኖ በአሜሪካ ዲርቦርን ወደሚገኘው የሄንሪ ፎርድ መኖሪያ ሄደ። በእርሻው ላይ ካሳየው በኋላ ጠረጴዛ ወጥቶላቸው በትንሽ የትራክተር ሞዴል አሠራሩን አስረዳ። ሁለቱ በቃል ተስማሙና ተጨባበጡ፤ ፎርድ ያመርታል፣ ፈርጉሰን ይሸጣል። አንድም ወረቀት አልተፈረመም። በጁን 1939 «ፎርድ 9ኤን» በ585 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ፤ እርሱና ተከታዩ 2ኤን በድምሩ ከ300,000 በላይ ተመረቱ።

ስምምነቱ የጸናው ሁለቱ ሽማግሌዎች እስካሉ ድረስ ነበር። የሄንሪ ፎርድ የልጅ ልጅ ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን ከተረከበ በኋላ ስምምነቱን አፈረሰና በ1947 ያንኑ ማያያዣ የያዘውን 8ኤን በራሱ መሸጥ ጀመረ። ፈርጉሰን በ1948 የ251 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ክሱ አራት ዓመት ፈጅቶ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ገንዘቡ ከጠየቀው በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ አንድ ግለሰብ ከፎርድ ኩባንያ ጋር ተሟግቶ ያገኘው በመሆኑ በዘመኑ ብዙ ተወርቶለታል። በወረቀት የተጻፈ ውል ቢኖር ኖሮ ነገሩ በዚህ መንገድ ባልሄደ ነበር።

ትንሹ ግራጫ ትራክተር

ክርክሩ ሳይጀመር በ1946 በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ የስታንዳርድ ሞተር ኩባንያ «ቲኢ20» የተባለውን ትራክተር ለፈርጉሰን ማምረት ጀምሮ ነበር። ግራጫ ቀለም የተቀባው ይህ ትራክተር እስከ 1956 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። ሰር ኤድመንድ ሂላሪ በጃንዋሪ 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚህ ትራክተሮች ነው። ፈርጉሰን ርካሽ መሣሪያ የምግብን ዋጋ ይቀንሳል፣ የምግብ ዋጋ ሲቀንስ ድህነት ይቀንሳል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር፤ ይህንንም ለሚሰማው ሁሉ ሳይታክት ይናገር ነበር።

በ1953 ኩባንያውን ከካናዳው ማሲ-ሃሪስ ጋር አዋሐደ። በዋጋው ላይ የ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ሲቀር ሳንቲም ተወርውሮ እንዲወሰን ተስማሙ፤ ፈርጉሰን ተሸነፈ። ከአዲሱ ኩባንያ ኃላፊዎች ጋር ሳይስማማ ቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ለቀቀ። የመጨረሻ ዓመታቱን ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ሲያስጠና ቆይቶ በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ስቶው-ኦን-ዘ-ዎልድ አጠገብ ባለው ቤቱ አረፈ።

ማያያዣው ዛሬ

የፈርጉሰን ማያያዣ ዛሬ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለው። በትናንሽ ትራክተሮች ላይ የሚገኘው አንደኛ ምድብ ሲሆን የታችኞቹ ፒኖች ውፍረት 22 ሚሊሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊሜትር ነው። በዚህም የአንዱ አምራች መሣሪያ በሌላው ትራክተር ላይ ይገጠማል።

ሁሉም መሣሪያ ግን አይስማማውም። ባክሆ የሚባለው የመቆፈሪያ ክንድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማረሻን አፈሩ ወደ ታች ይስበዋል፤ ባክሆ ግን መሬቱን ወደ ታች ሲገፋ ራሱ ወደ ላይ ይገፋል፤ የማያያዣው ክንዶች ደግሞ ወደ ላይ ለመነሳት ነጻ ናቸው። በሦስቱ ነጥቦች ብቻ ከተንጠለጠለ ሊነሳና የላይኛውን ዘንግ ሊሰብር፣ ቆፋሪውንም ከትራክተሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በትራክተሩ ሆድ ሥር የሚያልፍ ጠንካራ የብረት ፍሬም ያበጁለታል። ሲፈታ በደልዳላ ቦታ ባልዲውና ሁለቱ የጎን እግሮች መሬት ይነካሉ፣ ፒኖቹ ይወጣሉ፣ ባክሆው በራሱ የዘይት ኃይል ከፍሬሙ ጥቂት ይነሳል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ከተለቀቀ በኋላ ቱቦዎቹ ይነቀላሉ፤ ትራክተሩም ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል።