ቅዱስ ሙሴ ጸሊም፤ ከወንበዴነት እስከ ቅስና

ይህን ጾመ ሐዋርያት በአሶሳ፣ በካማሺ፣ በግልገል በለስ የምትጾሙ ወጣቶች በተለይ ስሙኝ። ሰኔ 24 ቀን የምናስባቸው አባት በወጣትነታቸው ከራሳቸው ሆድ በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም። ወንበዴውን አንቱ ለማለት አንደበቴ እንቢ ስላለኝ፣ እስኪመነኩስ ድረስ በአንተታ ልተርክላችሁ።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ትውልዱ ከኢትዮጵያ የሆነ፣ በግብፅ የአንድ ባለሥልጣን ባሪያ ነበር። ግዙፍ ነው፤ ጉልበቱም ያስፈራል። ጌታው ሌብነቱ ሲመርረው አባረረው። እሱም ወንበዴ ሰብስቦ አለቃ ሆነ።

አንድ ሌሊት ለዝርፊያ ሲሄድ የእረኛ ውሻ ጮኾ አስቀረበት። ቂም ያዘ። ዐባይ ሞልቶ ነበር። ያ ሙላት እኮ አብዛኛው ከእኛው ደጋ ወርዶ፣ በመተከልና በካማሺ መካከል አልፎ፣ ዛሬ ግድቡ በቆመበት በጉባ በኩል የሄደ ውኃ ነው! ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኘ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠ። ሙሴም 4 የሰቡ አውራ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድ እየጎተተ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ። እስቲ አስቡት፣ ለአንድ ውሻ ጩኸት!

በኋላ ልቡ ተነክቶ ወደ አስቄጥስ ገዳም ሄደ፤ በአባ መቃርስና በአባ ኤስድሮስ ዘመን መነኰሰ። የቀድሞው ምኞት ግን አልለቀቃቸውም። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አባ ኤስድሮስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰገነት አወጧቸው፤ ብርሃኑ ጨለማውን ቀስ በቀስ እንደሚገፋ አሳዩአቸው። አባ ሙሴም ለራሳቸው ብቻ ይውል በነበረው ጉልበት ሌሊት ሌሊት እየዞሩ የሽማግሌ መነኰሳትን እንስራ ውኃ ይሞሉ ጀመር። 4 ወንበዴዎች በዓታቸውን ሲሰብሩም አስረው እንደ ከረጢት ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው፤ ምን ላድርጋቸው ብለው ወንድሞችን ጠየቁ። እነዚያም መነኰሱ።

ለቅስና ሲመረጡ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትኗቸው ፈልገው ካህናቱ እንዲያባርሯቸው አዘዙ። ካህናቱም በጥቁረታቸው እየሰደቡ አስወጧቸው። አባ ሙሴ ራሳቸውን ወቀሱ እንጂ አልመለሱም። እኔ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የእሳቸው ትዕግሥት የሰዳቢን አፍ አያጸድቅም። በዚህ ክልል ጉሙዙና በርታው በጥቁረቱ ተንቆ ለባርነት የታደነበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያንን ስድብ ዛሬ ገበያ ላይ የሚወረውር ጾመኛ ካለ፣ ሰኔ 24 ቀን የማንን ጸበል ሊቀምስ ነው?

አንድ ወንድም ባጠፋ ጊዜም ለፍርድ ተጠሩ። አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው መጡ። የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ የሌላውን ልፈርድ መጣሁ ቢሉ፣ ሁሉም ለወንድማቸው ይቅር አሉ።

75 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በርበሮች ገዳሙን ሊወርሩ መጡ። አባ ሙሴ መሸሽ የፈለገ እንዲሸሽ ነገሩ፤ እሳቸው ግን በሰይፍ የኖርሁ በሰይፍ ልሙት ብለው ቀሩ። 7 ወንድሞችም አብረዋቸው ቆዩ። አንደኛው ፈርቶ ከሰሌን ጀርባ ተደበቀ፤ መልአክ አክሊል ይዞ ሲጠብቅ አየና ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር አንገቱን ሰጠ።