ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ተሽጠው ሄደው መጽሐፍ ይዘው የተመለሱት ሰባኪ

ወንጌልን ይዞ ወደ ሩቅ ገጠር መጓዝ ስንቅ፣ መንገድና የገዥ ፈቃድ ይጠይቃል። ከሁሉም በፊት ግን ሰባኪው የባላገሩን ቋንቋ ሊያውቅ ይገባዋል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ይህን በሕይወታቸው ካስመሰከሩት መካከል ቀዳሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦነሲሞስ በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙም በአፋን ኦሮሞ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡም ከአገራቸው እጅግ ርቀው ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 በዚያው በምጽዋ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣቸው።

ነፃ የወጡት ብላቴና የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በከፈተው ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው ለአምስት ዓመታት የነገረ መለኮት ትምህርት ተከታተሉ። በ1881 ወደ ምጽዋ ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ልባቸው ግን ወገኖቻቸው ወደሚኖሩበት ገጠር ያዘነብል ነበር።

መንገዱ ዝግ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚሲዮናውያን በአገራቸው እንዳይዘዋወሩ ከልክለው ስለነበር ኦነሲሞስና ባልደረቦቻቸው በሱዳን በኩል ዞረው ወለጋ ለመግባት ተነሡ። ሆኖም ድንበር አጠገብ ካለችው ከፋማካ አላለፉም። በ1882 በንዳድ ታመው ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ በዚያን ጊዜ ሱዳን በማህዲ አመፅ መታመስ ጀምራ ነበር። በ1886 የተደረገው ሁለተኛ ሙከራም እስከ እንጦጦ ደርሶ ከሸፈ።

እግራቸው ያልደረሰበትን መጽሐፍ ያደርስላቸው ዘንድ፣ በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ያዙ። በዚህ ሥራ ላይ ግን ብርቱ ችግር ገጠማቸው። ከወገኖቻቸው የተለዩት በልጅነታቸው ነበርና የእርሻውን፣ የቤቱንና የሸንጎውን ቃል ሁሉ አያውቁትም ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችላቸው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም በባርነት ተይዛ በባሕር ስትጓጓዝ በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ያስጣላት የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ቋንቋዋን ጠንቅቃ የምታውቀው አስቴር ቃላትን፣ ተረቶችንና የሕዝብ ዘፈኖችን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። የሁለቱ የድካም ፍሬም ታየ፤ ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ የንባብ መማሪያው በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ኦነሲሞስ ከወገኖቻቸው ከተነጠቁ ከ35 ዓመታት በኋላ፣ በ1904፣ ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሕዝቡንም በገዛ ቋንቋው ሰበኩት። ንባቡን በግዕዝ ይሰማ ለነበረ ገበሬ፣ በእርሻው ላይና በምድጃው ዙሪያ በሚነጋገርበት ቃል መሰበክ እንግዳ ነገር ነበር። ሰሚው ሲበዛ ክሱም ተከተለ። የአካባቢው ካህናት እመቤታችንን ተሳድበዋል ሲሉ ከሰሷቸውና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። አቡኑም ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፣ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ።

ተርጓሚው ለዓመታት በአደባባይ መስበክ ተከልክለው ኖሩ። ማስተማር ግን አልተከለከሉም ነበርና በትምህርት ቤታቸው ፊደል እያስቆጠሩ ቆዩ። ማንበብ የተማረ ልጅም መጽሐፉን ይዞ ወደ መንደሩ ሲገባ ሰባኪው ያልደረሱበት ቤት ቃሉን ይሰማ ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ ከዚያ ወዲያም እያስተማሩና መጻሕፍት እያደሉ ኖሩ።

ኦነሲሞስ ነሲብ ሰኔ 1931 አረፉ። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በምዕራብ ኢትዮጵያ ላላት ሥር አንዱ መነሻ የእርሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ድካማቸው ከአንድ ቤተ እምነት አጥር ያለፈ ፍሬም አለው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍና የሚነበብ ቋንቋ ሆኖ እንዲያድግ ከደከሙት ቀደምት ሊቃውንት መካከል በባርነት የተሸጡት ሂካና አስቴር ስማቸው አብሮ ይነሣል።