ቦቢ ጆንስ፤ ዱላውን በእጁ ልክ የመረጠው ሰው

የገና ዱላ ለመቍረጥ ዱር የወረደ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ጫፉ የተቈለመመ እንጨት ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ከመቍረጡ በፊት ዘንጉን ይዞ ወዝወዝ፥ ጐበጥ አድርጎ ይፈትነዋል። እንጨቱ ከመጠን በላይ የላላ እንደ ሆነ ሩሩን ሲመታ ይልፈሰፈሳል፤ ከመጠን በላይ የገተረ እንደ ሆነ ደግሞ ክንድ ያደነዝዛል። ለጐረምሳው የተስማማው ዱላ ለታናሽ ወንድሙ አይስማማም። እንግዲህ ዱላ መምረጥ ማለት በግማሹ እንጨቱን ማወቅ፥ በግማሹም ራስን ማወቅ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ይህን ጉዳይ ከሁሉ አብልጦ የተረዳ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ነው። ስሙ ሮበርት ታየር ጆንስ ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ቦቢ ጆንስ እያለ ነው። የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆኑ አንባቢዎች ጥቂት እንግለጽ። ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ የሣር መስክ ላይ በተራ የተቈፈሩትን 18 ጉድጓዶች በተቻለ መጠን በጥቂት ምት የመጨረስ ጨዋታ ነው። ዱላው ሦስት ክፍል አለው፤ መጨበጫው፥ ዘንጉና ኳሱን የሚመታው ራሱ ናቸው። ተመልካች ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በራሱ ላይ ነው። ነገር ግን የክንድን ኀይል ከእጅ ተቀብሎ ለራሱ የሚያደርሰው ዘንጉ ነውና የዱላው ጠባይ ያለው በዘንጉ ውስጥ ነው።

ከበሽተኛ ሕፃን እስከ ቍጡ ጐረምሳ

ቦቢ ጆንስ መጋቢት 17 ቀን 1902 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍል በአትላንታ ከተማ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ምግብ የማይስማማው፥ ሰውነቱ የመነመነ ልጅ ስለ ነበረ ወላጆቹ አየር ይለውጥልን ብለው በበጋ ወራት ከከተማው ወጣ ወዳለው ወደ ኢስት ሌክ ይወስዱት ጀመር። በዚያም የጎልፍ መስክ ነበረ። የመስኩ መምህር ስቱዋርት ሜይደን ከስኮትላንድ ከካርኑስቲ ከተማ የመጣ፥ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ሕፃኑም ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፥ ሰውየው ዱላውን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚያወርድ እያየ፥ ቤቱ ሲመለስ እንደዚያው ያደርግ ነበር። ለትልቅ ሰው የተሠራ አንድ ዱላ አሳጥረው ቢሰጡት የመጀመሪያ መሣሪያው ያ ሆነ። ዱላ በባለቤቱ ልክ መሆን እንዳለበት የተማረው እንግዲህ ፊደል ሳይቈጥር ነው ለማለት ይቻላል።

በ1916 ዓ.ም. ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በሜሪየን በተደረገው የአሜሪካ አማተሮች ውድድር ገብቶ ብዙ ጐልማሶችን ስላሸነፈ ጋዜጦች ስሙን አነሡት። ነገር ግን ልጁ አንድ ከባድ ጕድለት ነበረበት፤ ቍጣውን መግታት አይችልም ነበር። ምቱ የተበላሸ እንደ ሆነ ዱላውን አሽቀንጥሮ ይጥላል። ከዚያም በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ችሎታ ሞልቶ ተርፎት ሳለ አንድም ታላቅ ዋንጫ ሳያገኝ ቀረ።

የውርደቱ ጫፍ የደረሰው በ1921 ዓ.ም. የጎልፍ እናት ከተማ በምትባለው በስኮትላንድ በቅዱስ እንድርያስ ከተማ ነው። በታላቁ የብሪታንያ ውድድር በሦስተኛው ዙር ነገሩ ሁሉ ተበላሸበትና በ11ኛው ጉድጓድ ከአሸዋ ውስጥ መውጣት ቢያቅተው ውድድሩን ትቶ ሄደ። ይህ አድራጎቱ ኋላ እስኪሸመግል ድረስ ሲጸጽተው ኖሯል። በዚያ ቀን ግን አንድ ነገር ገባው፤ ከሌላው ተጫዋች አስቀድሞ ማሸነፍ የሚገባው ራሱን እንደ ሆነ ተረዳ።

የሂከሪ ዘንግ

በዚያ ዘመን የዱላ ዘንግ ይሠራ የነበረው በአሜሪካ ከሚበቅል ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ሂከሪ ይጐብጣል፥ መልሶም ይቀናል፤ በቀላሉም አይሰበርም። ሆኖም እንጨት ነውና አንዱ ዘንግ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ከአንድ ግንድ የተፈለጡ ሁለት ዘንጎች እንኳ አንዱ ልል፥ አንዱ ግትር ይሆናሉ። በዚህም ላይ ሂከሪ መጕበጥ ብቻ ሳይሆን ኳሱን በሚመታበት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ እርጥበትም ጠባዩን ይለውጠዋል።

ስለዚህ የዱላ ሠሪው ብልኀት ያለው በመፋቅ ላይ ነበር። ዘንጉን በመላጊያ ካቀጠነ በኋላ በስባሪ መስተዋት ጥቂት በጥቂት ይፍቀዋል፤ ለተጫዋቹ ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹም ወዝውዞ ይመልስለታል፤ እንደ ገና ይፍቀዋል። አንድ ጊዜ አብዝቶ ከፋቀ የተወሰደው አይመለስምና ዘንጉ ይበላሻል። መለኪያ መሣሪያ አልነበረም፤ ሚዛኑ የእጅ ስሜት ብቻ ነበር።

ቦቢ ጆንስ በዚህ ረገድ እጅግ ጥንቁቅ ነበር። ዱላዎቹን በአንድ ቀን ገበያ ወጥቶ አልገዛቸውም፤ በብዙ ዓመት አንድ በአንድ እየሞከረ፥ ያልተስማማውን እየመለሰ፥ የተስማማውን እያስቀረ አከማቻቸው። የእርሱ አመታት ረጅም፥ የማይጣደፍ፥ እንደ ውሃ የሚፈስ ነበር። እንዲህ ያለው አመታት ለሂከሪ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም ዘንጉ ጐብጦ መልሶ እስኪቀና ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል። ለአንዳንዶቹም ዱላዎች ስም ነበራቸው፤ በጉድጓዱ አጠገብ ኳሱን የሚገፋበት ካላሚቲ ጄን፥ ሩቅ የሚመታበት ደግሞ ጂኒ ዲንስ ይባሉ ነበር።

ትምህርቱንም ቸል አላለም። በ1922 ዓ.ም. ከጆርጂያ ቴክ በመካኒካል ኢንጂኔሪንግ፥ በ1924 ዓ.ም. ከሃርቫርድ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመረቀ፤ ከዚያም በኤሞሪ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። ሲጫወት የኖረውም በአማተርነት ስለ ሆነ ከውድድር የገንዘብ ሽልማት ተቀብሎ አያውቅም።

ሰባቱ የርኀብ ዓመታት ያለቁት በ1923 ዓ.ም. በኒውዮርክ አጠገብ በኢንዉድ በተደረገው የአሜሪካ ታላቅ ውድድር ነው። ከቦቢ ክሩክሻንክ ጋር እኩል ስለ ወጡ ሁለቱ ብቻ እንደ ገና እንዲጫወቱ ሆነ፤ በመጨረሻውም ጉድጓድ ሲደርሱ አሁንም እኩል ነበሩ። ጆንስ ከውሃ ማዶ የሚገኘውን ጉድጓድ ከ170 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ በብረት ዱላ መታና ኳሱን ከጉድጓዱ አጠገብ አሳረፈው። የ21 ዓመቱ ጐልማሳ አሸነፈ።

ማንም ያላየው ምት

አሁን ለወጣቶች ይልቁንም ልንነግረው የምንወደው በ1925 ዓ.ም. በዉስተር የሆነውን ነው። በአሜሪካው ታላቅ ውድድር በመጀመሪያው ዙር ጆንስ ለመምታት ሲዘጋጅ ዱላው ሣሩን ነካና ኳሱ እጅግ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ። ከእርሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ለዳኞቹ አስታወቀ። ዳኞቹም ምስክር ቢያጡ ነገሩን ለራሱ ፍርድ ተዉለት። እርሱም በራሱ ላይ አንድ ምት ቈጠረ።

ውድድሩ ሲያልቅ ጆንስና ዊሊ ማክፋርሌን እኩል ወጡ፤ በድጋሚው ጨዋታም ጆንስ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያን አንድ ምት ባይቈጥር ኖሮ ድጋሚ ጨዋታ ሳያስፈልግ ዋንጫው የእርሱ ይሆን ነበር። ሰዎች ስለዚህ ሥራው ሲያመሰግኑት ደስ አይለውም ነበር፤ አለመስረቅ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም የሚል አሳብ ነበረውና።

በ1927 ዓ.ም. ወደ ቅዱስ እንድርያስ ከተማ ተመልሶ ሸሽቶ በወጣበት መስክ ላይ አሸነፈ፤ ዋንጫውም በዚያው ከተማ እንዲቀመጥለት ለመነ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የብሪታንያን አማተሮች ውድድር፥ የብሪታንያን ታላቅ ውድድር፥ የአሜሪካን ታላቅ ውድድርና የአሜሪካን አማተሮች ውድድር አራቱንም አሸነፈ። ይህን ሁሉ ያደረገው በሂከሪ ዘንግ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፥ ገና በ28 ዓመቱ፥ 13 ታላላቅ ድሎች ካገኘ በኋላ ከውድድር ተሰናበተ።

የብረት ዘንግ መምጣት

በዚህ ጊዜ የብረት ዘንግ ሥፍራውን እየያዘ ነበር። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1924 ዓ.ም.፥ የስኮትላንዱ ባለሥልጣን ክበብ ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ፈቅደውታል። ብረት እንደ ሂከሪ አይጠመዘዝም፤ ከሁሉ ይልቅ ፋብሪካ ሺህ ዘንግ ቢሠራ ሺሁም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጆንስ ከውድድር ከወጣ በኋላ ስፖልዲንግ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ በኢንጂኔርነት ዕውቀቱ በመርዳት በስሙ የሚጠሩ የብረት ዘንግ ያላቸው ዱላዎች አሠራ፤ በ1932 ዓ.ም. ለገበያ ቀረቡ።

በጎልፍ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ባለሙያዎች የጆንስን አሮጌ የሂከሪ ዱላዎች ወስደው በመሣሪያ ቢመዝኗቸው ከአንዱ በቀር ሁሉም ሚዛናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ያ አንዱ ዱላ በዛሬው አቈጣጠር 8ኛው ብረት የሚባለው ሲሆን ጆንስም ዘመኑን ሁሉ ያስቸግረው የነበረ እርሱ ነበር ይባላል። መሣሪያው በቍጥር የደረሰበትን እጁ ያለ ቍጥር ደርሶበት ነበር ማለት ነው።

የዛሬው ምርጫ

ዛሬ ስባሪ መስተዋት ይዞ የሚፍቅ ሠሪ መፈለግ አያስፈልግም። ከብረት ሌላ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቀላሉ የካርቦን ዘንግ ተስፋፍቷል። ፋብሪካዎች የዘንጉን መተጣጠፍ በላቲን ፊደል ምልክት ያሳያሉ፤ ከልሉ ወደ ግትሩ ሲሄድ ኤል፥ ኤ፥ አር፥ ኤስና ኤክስ ይባላሉ። በጠቅላላው አነጋገር በረጅሙ ዱላ ሲመታ የዱላው ራስ በሰዓት ከ137 እስከ 153 ኪሎ ሜትር የሚፈጥንለት ሰው መካከለኛው አር ይስማማዋል፤ ከዚያ በላይ እስከ 169 ለሚደርስ ግትሩ ኤስ፥ ከዚያም ለሚያልፍ ኤክስ ይስማማዋል። ከ137 በታች ለሆነ ልሉ ይሻላል። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ አር ከሌላው ፋብሪካ አር ጋር ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ሁሉን የሚያስማማ አንድ ልክ የለምና በፊደሉ ብቻ መታመን አይገባም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክንድ ዱላውን ወደ ታች ሲያወርድ ከባዱ ራስ ወደ ኋላ ይቀራል፥ ዘንጉም ይጐብጣል። ኳሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ዘንጉ ተመልሶ ራሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ለፈጣን ክንድ ልል ዘንግ የተሰጠ እንደ ሆነ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ስለሚጐብጥ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ወደ ግራ ያደላል። ለዝግተኛ ክንድ ግትር ዘንግ የተሰጠ እንደ ሆነ ደግሞ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፥ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል፥ ርቀትም ያጣል።

እኛ እንደምናየው ከባዱ ነገር ይህን ማወቅ አይደለም፤ ከባዱ ነገር ስለ ራስ እውነቱን መናገር ነው። ጐልማሳ ሁሉ ግትሩን ዘንግ መያዝ ይወዳል፤ ልሉ የደካማ ይመስለዋል። ፍጥነቱ ሲለካም ከአሥር ምት አንዱን፥ እጅግ የበረታበትን፥ ልኬ ይህ ነው ይላል። ወይም ስመ ጥሩ ተጫዋች የያዘውን አይቶ ያንኑ ይገዛል። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። በትክክል የሚመርጥ ሰው መካከለኛ ምቱን ይወስዳል፤ ሁለት ሦስት ዘንግ በአንድ ቀን ጐን ለጐን ይሞክራል፤ ኳሱ የሚሄድበትን ያያል፤ ኳሱ የመሰከረውንም ይቀበላል። ማንም ያላየውን ምት በራሱ ላይ የቈጠረው ሰው ዱላውንም ያለ ስሕተት መምረጡ እንግዲህ አያስገርምም።

የመጨረሻው ዘመን

ጆንስ ከውድድር ከወጣ በኋላ ከአሊስተር መኬንዚ ጋር በኦጋስታ ያለውን መስክ ሠራ፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገውን የማስተርስን ውድድርም ከክሊፈርድ ሮበርትስ ጋር አቋቋመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ ዘምቷል።

ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአከርካሪ ሕመም ያዘውና ሁለተኛ ጎልፍ ሊጫወት አልቻለም። ሐኪሞች ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ አልዳነም። በዱላ ጥበብ ዓለምን ያስደነቀው ሰው አስቀድሞ በምርኵዝ፥ በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ሄደ። ሕመሙ ግን ምሬት አላስተማረውም፤ በጐረምሳነቱ ዱላ ይወረውር የነበረው እጅ ብዕር መያዝ እስኪሳነው ድረስ ለወዳጆቹ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የቅዱስ እንድርያስ ከተማ የክብር ዜግነት ሰጠችው። ከእርሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ አሜሪካዊ በ1759 ዓ.ም. ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ውድድሩን አቋርጦ የወጣባት ከተማ በፍቅር ተቀበለችው። ታኅሣሥ 18 ቀን 1971 ዓ.ም. በተወለደበት በአትላንታ በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የጎልፍ ዱላ በእጃቸው ይዘው አያውቁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ትምህርት፥ ሥራ፥ ወይም ሹመት የማይመርጥ ወጣት የለም። ያ ምርጫ በሚቀርብበት ጊዜ ጠያቂው ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ክንዳችን መሆኑን እናስታውስ፤ መልሱንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንስጥ።